ከኮድ እስከ ጠረጴዛ፦ የድርጅት ላፕቶፕ ምርጫና የአካባቢ ቋንቋዎች ጽሕፈት በባሕሪ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው ላፕቶፕ ሲገዙ በገበያ ላይ ካሉት ብዙ ሞዴሎች መካከል ደጋግመው የሚመለሱት ወደ ጥቂቶቹ ነው። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የዚህን ምርጫ ምክንያቶች ያብራራል። ቀጥሎም ምርጫው በካርቱም ባሕሪ የሚነገሩ ቋንቋዎች በሥራ ቦታ በሚጻፉበት ወይም ሳይጻፉ በሚቀሩበት ሁኔታ ላይ ያለውን ተጽዕኖ ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ ድርጅት የሚመርጠው ከሁሉ የተሻለውን መሣሪያ ሳይሆን ከሁሉ ያነሰ ልዩነት የሚፈጥረውን ነው፤ ከአረብኛና ከእንግሊዝኛ ውጭ ያለ ጽሕፈት ደግሞ በዚህ ስሌት እንደ ልዩነት ይቈጠራል። በመሆኑም አንድ ፊደል የዩኒኮድ ቦታ ማግኘቱ ብቻውን ለጽሕፈት አያበቃውም፤ ከኮዱ እስከ ሠራተኛው ጠረጴዛ ያለው ርቀት ራሱን ችሎ ሊጠና ይገባዋል።

1. መግቢያ

በሙሉ ስሟ አል-ኸርጡም ባሕሪ የምትባለው ባሕሪ ከጥቁር ዓባይ በስተሰሜን የምትገኝ ስትሆን፣ ከካርቱምና ከኦምዱርማን ጋር የሱዳንን ሦስትዮሽ ከተማ ትመሠርታለች። ከዋዲ ሐልፋ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1899 መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የደረሰው ወደዚህ ዳርቻ ነበር። ከተማዋም ከዚያ ወዲህ የመጋዘን፣ የወፍጮና የፋብሪካ ከተማ ሆና አደገች። ሥራ ፍለጋም ሆነ ከጦርነትና ከድርቅ ሽሽት ወደ ሦስቱ ከተሞች የመጣው ሕዝብ ቋንቋውን ይዞ መጥቷል፤ ከሰሜን ኑብኛን፣ ከምሥራቅ ቤጃን፣ ከምዕራብ ፉርን፣ ማሳሊትንና ዛጋዋን፣ ከደቡብ ዲንካንና ሽሉክን፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ አማርኛንና ትግርኛን። ከደቡብ ሱዳን መገንጠል ጋር ተያይዞ በ2011 የተመሠረተው የባሕሪ ዩኒቨርሲቲም የዚሁ ታሪክ አካል ነው።

ይህ ሁሉ ቋንቋ በመንደር፣ በገበያና በቤተ እምነት ይሰማል። የከተማይቱ ድርጅቶች ደብዳቤ፣ የሂሳብ ሰነድ፣ የመጋዘን ዝርዝርና የሠራተኛ ማስታወቂያ ግን በአረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይጻፋል። የማኅበረሰብ ሥነ ልሳን ጥናት ይህን መለያየት በአብዛኛው የሚያስረዳው በሁለት ነገሮች ነው፦ በመንግሥት የቋንቋ ፖሊሲና ቋንቋዎቹ ባላቸው ክብር። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሆኖም ሠራተኛው በየቀኑ የሚነካው፣ አሠሪው መርጦ የሰጠው ዕቃ በመካከል አለ። ዕቃው የትኛውን ፊደል እንደሚያስገባና የትኛውን እንደሚከለክል የተወሰነው ከሠራተኛው እጅ ከመግባቱ በፊት ነው። የወሰነውም የቋንቋ ባለሙያ ሳይሆን የግዥ ክፍል ነው። እንዴት እንደተወሰነ ለመረዳት አስቀድሞ የግዥውን አመክንዮ ማወቅ ያስፈልጋል።

2. ድርጅት ላፕቶፕ የሚመርጥባቸው ምክንያቶች

ለግሉ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ዋጋን፣ ፍጥነትንና መልክን ያያል። ድርጅት የሚገዛው ግን ሃምሳ፣ ሁለት መቶ ወይም ሁለት ሺህ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱ ዕቃ ጥራት ከሚያሳስበው ይልቅ በዕቃዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ያሳስበዋል። አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ለድርጅት ብቻ የታሰቡ መስመሮችን ለይተው ይሠራሉ። አይ.ቢ.ኤም. በ1992 ያወጣውና በ2005 ወደ ቻይናው ሌኖቮ የተዛወረው ቲንክፓድ፣ ዴል ከ1994 ጀምሮ ሲሠራው ቈይቶ በ2025 ስሙን ወደ ዴል ፕሮ የለወጠው ላቲትዩድ፣ እንዲሁም ኤች.ፒ. በ2008 የጀመረው ኤሊትቡክ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። እነዚህ መስመሮች የሚመረጡባቸው ምክንያቶች በአራት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ወጥነት ነው። የአይ.ቲ. ክፍሉ ለእያንዳንዱ ላፕቶፕ ስርዓተ ክወናውንና ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ አይጭንም። አንድ ጊዜ አስተካክሎ ያዘጋጀውን ሙሉ ቅጂ፣ በሙያው አነጋገር ‹ኢሜጅ› የሚባለውን፣ በሁሉም ላይ ይገለብጠዋል። ይህ የሚሠራው ዕቃዎቹ በውስጣቸው ተመሳሳይ ሲሆኑ ነው። ለቤት ተጠቃሚ በሚሸጡ ሞዴሎች በአንድ ስም የሚጠራው ላፕቶፕ ከጥቂት ወራት በኋላ የተለየ የኔትወርክ ካርድ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በድርጅት መስመሮች ግን አምራቹ አንድን ሞዴል ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ፣ ሳይለውጥ ለማቅረብ ይጥራል።

ሁለተኛው ጥገና ነው። ከእነዚህ መስመሮች ጋር የሦስት ዓመት ዋስትናና በማግስቱ የሥራ ቀን ቴክኒሻን ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚልክ ውል መግዛት የተለመደ ነው። የመፍቻና የመግጠሚያ መመሪያው ለሕዝብ ይፋ ነው፤ እያንዳንዱ መለዋወጫ ቍጥር አለው። የአንዱ ቻርጀር ለሌላው ያገለግላል። የተበላሸው ላፕቶፕ ሲላክ ሠራተኛው ከመጋዘን ተመሳሳዩን ወስዶ ሥራውን ይቀጥላል።

ሦስተኛው ቍጥጥር ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስን ለቤትና ለሙያ ብሎ በተለያየ እትም ይሸጣል። ላፕቶፑን በድርጅቱ ማዕከላዊ አስተዳደር ሥር ማስገባትም ሆነ ዲስኩን በቢትሎከር በምስጢር መቈለፍና ቍልፉን ራስ ማስተዳደር የሙያው እትም ችሎታዎች ናቸው። ኢንቴል በ2006 ያስተዋወቀው ቪፕሮ ደግሞ ስርዓተ ክወናው ባይነሣ እንኳ ባለሙያው ከሩቅ ገብቶ እንዲጠግን ያስችላል። የምስጢር ቍልፎችን የሚጠብቀው ቲ.ፒ.ኤም. የተባለው ቺፕ በድርጅት ላፕቶፖች ለረጅም ጊዜ የተለመደ ከሆነ በኋላ ዊንዶውስ 11 በ2021 ሲወጣ የሁሉም ግዴታ ሆነ። የዚህ ቍጥጥር ሌላው ገጽታ ሠራተኛው በተሰጠው ላፕቶፕ ላይ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሌለው መሆኑ ነው። ያልተፈቀደ ፕሮግራም ሊጭን አይችልም።

አራተኛው የዕድሜ ስሌት ነው። ላፕቶፑ ሲገዛ ወይም ሲከራይ የሚወጣበት ጊዜ አብሮ ይታሰባል፤ በአብዛኛው ከሦስት እስከ አራት ዓመት ነው። የጠነከረና መለዋወጫው የሚገኝ ላፕቶፕ ከዚያ በኋላም ገዢ ስላለው የመጀመሪያው ዋጋ ውድ ቢመስልም ኪሳራው ይቀንሳል።

አራቱም ምክንያቶች የሚገናኙት በአንድ ነጥብ ነው፤ ልዩነት ወጪ ነው። አይ.ቢ.ኤም. ራሱ በ2015 ለሠራተኞቹ የአፕልን ማክ በስፋት ማቅረብ ሲጀምር ውሳኔውን የደገፈው በውበት ወይም በዝና ሳይሆን የማክ ተጠቃሚዎች ወደ ድጋፍ ክፍሉ የሚያደርጉት ጥሪ አነስተኛ መሆኑን በማስላት ነበር። ስሙ የተለወጠው ዕቃው እንጂ አመክንዮው አይደለም።

3. ጽሕፈት እንደ ልዩነት፦ የግእዝ ፊደል ምሳሌ

ከዚህ ስሌት አንጻር ተጨማሪ የጽሕፈት ሥርዓት ምን ማለት ነው? በኢሜጁ ውስጥ የሚገባ አንድ ተጨማሪ ፎንት፣ አንድ ተጨማሪ የማስገቢያ ፕሮግራም፣ ሠራተኛው ሲሳሳት የሚደውለው አንድ ተጨማሪ ጥሪ ማለት ነው። የአይ.ቲ. ክፍሉ ቋንቋውን ጠልቶ አይደለም፤ ሥራው ተጨማሪን መቀነስ ነውና ነው። ውጤቱን በግልጽ የሚያሳየው ታሪኩ በደንብ የሚታወቀው የግእዝ ፊደል ጕዞ ነው። ፊደሉ በባሕሪም ተናጋሪዎች ስላሉት ምሳሌው ከከተማይቱ የራቀ አይደለም።

የግእዝን ፊደል ከመሣሪያ ጋር ለማስማማት የተደረገው ጥረት ከኮምፒውተር በፊት ይጀምራል። ኢንጂነር አያና ብሩ ከጣልያን ወረራ በፊት ፊደሉን ለጽሕፈት መኪና ለማመቻቸት የደከሙት፣ የመኪናው ቍልፎች ጥቂት ሆነው ፊደሉ ብዙ በመሆኑ ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ኮምፒውተር ሲመጣ በርካታ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ተሠሩ። ሆኖም እያንዳንዱ የራሱ ኮድ ስለነበረው በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጕም አልባ የላቲን ምልክቶች ክምር ይሆን ነበር።

ዩኒኮድ በመስከረም 1999 ባወጣው 3.0 እትም ለግእዝ ፊደል 345 ምልክቶችን መደበ። የኮዱ ጥያቄ በመሠረቱ በዚህ ተመለሰ። የፊደሉን ፎንትና የአማርኛ ማስገቢያውን ከስርዓተ ክወናው ጋር አብሮ ያቀረበው ግን በጥር 2007 ለሽያጭ የበቃው ዊንዶውስ ቪስታ ነው፤ ‹ኒያላ› የተባለው ፎንት የመጣው ከእርሱ ጋር ነው። እዚህ ላይ የድርጅቶች ባሕርይ ወሳኝ ሆነ። ብዙ ድርጅቶች ቪስታን ዘለሉት። የነበሩት ፕሮግራሞቻቸውና ኢሜጃቸው በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ የተሠሩ ስለነበሩ፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን እስካቆመበት እስከ ሚያዝያ 2014 ድረስ ከኤክስፒ ጋር የቈዩ ጥቂት አልነበሩም። በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ከኮዱ እስከ ጠረጴዛው ያለው ርቀት አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ጽሕፈቱ አልቆመም። እንደ ፓወር ግእዝ ያሉ ፕሮግራሞች ክፍተቱን ሞሉት፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶችም በእነርሱ ሠርተዋል። ነገር ግን ከዩኒኮድ ውጭ በሆነ ኮድ የተጻፈው የዚያ ዘመን ሰነድ ዛሬ በቀላሉ አይፈለግም፣ አይቈጠርም፣ ወደ ጽሑፍ ክምችት አይገባም። ለቋንቋ አጥኚው ጕዳቱ ተጨባጭ ነው። ቋንቋው ከመቼውም በላይ በጽሑፍ የተሠራበት ዘመን ለጥናት ከሁሉ የሚያስቸግረው ሆኗል።

4. የባሕሪ ገበያ

ከላይ የተገለጸው የአራት ዓመት ዙር አምራቹ፣ ሻጩና ጠጋኙ በአንድ አገር ሕግ ሥር ሲገናኙ የሚሠራ ነው። በሱዳን ሁኔታው የተለየ ነበር። ዩናይትድ ስቴትስ ሱዳንን በ1993 ሽብርተኝነትን ከሚደግፉ አገሮች መዝገብ አስገባች፤ በኅዳር 1997 ደግሞ አጠቃላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለች። የወጪ ንግድ ሕጓም ከአሜሪካ ውጭ የተሠራን ዕቃ ጭምር ይመለከታል። ቍጥጥር የሚደረግበት የአሜሪካ ይዘት ለአብዛኞቹ አገሮች ከዕቃው ዋጋ እስከ 25 በመቶ ሲፈቀድ፣ ለሱዳንና ለመሰሎቿ ወሰኑ 10 በመቶ ነበር። ላፕቶፕ ደግሞ ስርዓተ ክወናውም ሆነ ዋናው ቺፑ በአብዛኛው የአሜሪካ ነው።

ማዕቀቡ ላፕቶፕን ከባሕሪ አላጠፋውም፤ መንገዱን ለወጠው። ዕቃው በዱባይ በኩል በነጋዴ እጅ ይመጣ ጀመር። ሲመጣ ግን ያስመረጡት ነገሮች ከኋላ ይቀራሉ። የአምራቹ የሦስት ዓመት ዋስትና አይከተለውም። በማግስቱ የሚላክ ቴክኒሻን የለም። የስርዓተ ክወናው ፈቃድና ማሻሻያም አስተማማኝ አይሆንም። በየካቲት 2015 ዋሽንግተን ላፕቶፕንና ስልክን ጨምሮ የግል መገናኛ ዕቃዎችን ከማዕቀቡ አወጣች፤ በጥቅምት 2017 አጠቃላይ ማዕቀቡ ተነሣ፤ በታኅሣሥ 2020 ሱዳን ከሽብር ደጋፊዎች መዝገብ ወጣች። ይሁን እንጂ ሃያ ዓመት የተሠራበት የንግድ መንገድ በአንድ አዋጅ አይዘጋም።

በዚህ መንገድ በብዛት የሚመጣው በሀብታም አገር ድርጅት ሦስት አራት ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። በአዲስ አበባ ነጋዴዎች ‹ስላይትሊ ዩዝድ› እያሉ የሚሸጡት ዓይነት መሆኑ ነው። ቲንክፓድ፣ ላቲትዩድና ኤሊትቡክ በናይል ዳርቻም ተፈላጊ የሆኑት በመጀመሪያው ገዢ ስሌት ሳይሆን በውጤቱ ነው፤ በቀላሉ ይፈታሉ፣ መለዋወጫቸው ከሌላ አሮጌ ላፕቶፕ ይወሰዳል፣ ከአቧራና ከሙቀት ጋር ይታገላሉ፣ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ባትሪያቸው ይለወጣል። የአንዱ አገር ድርጅት ምርጫ እንዲህ የሌላው አገር ገበያ ይሆናል።

የቋንቋ ጥያቄ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። ያገለገለው ላፕቶፕ የትውልድ አገሩን የቍልፍ ሰሌዳ ይዞ ይመጣል። ከባሕረ ሰላጤው ድርጅት የወጣው አረብኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ተቀርጸውበታል። ከጀርመን የመጣው ሁለት የላቲን ፊደላትን ያቀያይራል፤ ከፈረንሳይ የመጣው የመጀመሪያውን ረድፍ በሌላ ቅደም ተከተል ይጀምራል። የላይኛው ጽሑፍ በተለጣፊ ወይም ሰሌዳውን በመለወጥ ይስተካከላል፤ የሚስተካከለውም ወደ አረብኛና ወደ እንግሊዝኛ ነው። ሦስተኛ ፊደል በቍልፉ ላይ ቦታ የለውም። የባሕሪ ሠራተኛ የሚነካው ሰሌዳ ስለዚህ በሌላ አገር፣ ለሌላ ሠራተኛ፣ ከዓመታት በፊት የተመረጠ ነው።

ይህ ዙር አሁንም ይቀጥላል። ማይክሮሶፍት በጥቅምት 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11ን በይፋ የማይቀበሉ፣ በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ የኢንቴል ቺፕ የቀደሙ ላፕቶፖች ከድርጅቶች እየወጡ ነው። የሚሄዱበት ገበያ ደግሞ እንደ ባሕሪ ያለው ነው። የኢሜጁ ይዘት ከሀብታሙ አገር በዓመታት ወደ ኋላ የሚቀር እንደሚሆን መጠበቅ ይቻላል።

5. በሰሌዳው ላይ ያሉና የሌሉ ቋንቋዎች

የባሕሪ ቋንቋዎች ከዚህ ዕቃ ጋር ያላቸው ግንኙነት አንድ ዓይነት አይደለም። አረብኛ በቍልፉ ላይ ተቀርጿል፣ በስርዓተ ክወናው ውስጥ ከአንድ በላይ የሰሌዳ አደራደር አለው፣ ፎንቱም አብሮ ይመጣል። የዕቃው ስም እንኳ በአረብኛ ድምፅ ሥርዓት ተገርቶ፣ ‹ፐ› ወደ ‹በ› ተለውጦ፣ ‹ላብቶብ› ሆኗል። የሌሎቹ ቋንቋዎች ሁኔታ ግን በሦስት ደረጃ ይከፈላል።

አንደኛው ደረጃ በስርዓተ ክወናው ውስጥ ያለ፣ በቍልፉ ላይ የሌለ ነው። አማርኛ ለዚህ ምሳሌ ነው። ሠራተኛው ከቅንብሩ ውስጥ አማርኛን ሊጨምር ይችላል። ይሁንና ተነባቢውንና አናባቢውን በተከታታይ ቍልፍ አጣምሮ የሚያስገባውን ዘዴ በሰሌዳው ላይ የሚያሳየው ምልክት ስለሌለ አስቀድሞ ማወቅ ይጠበቅበታል።

ሁለተኛው ደረጃ ፊደሉ የላቲን ሆኖ ጥቂት ምልክቶች የሚጐድሉበት ነው። ዲንካ እዚህ ይመደባል። በ1928 በረጃፍ የተካሄደው የቋንቋ ጉባኤ ዲድሪክ ቬስተርማን በተገኙበት ለደቡብ ሱዳን ቋንቋዎች የላቲንን ፊደል ሲመርጥ፣ ከዓለም አቀፉ የአፍሪቃ ተቋም ፊደል ክፍት አናባቢዎችንና የጕሮሮ ናሳልን የሚያመለክቱ ምልክቶችን ተቀብሏል። ምልክቶቹ በተራ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት መኪና ላይ አልነበሩም፤ በላፕቶፑም ላይ የሉም። በዚህ ላይ የዲንካ ጽሕፈት እስትንፋሳማውን አናባቢ በሁለት ነጥብ ያመለክታል። ለክፍት አናባቢዎቹ ግን ከነነጥባቸው የተዘጋጀ አንድ ወጥ ኮድ ስለሌለ፣ ፊደሉና ነጥቡ ከሁለት ኮዶች መጣመር አለባቸው። ጥሩ ፎንት ከሌለ ነጥቡ ከቦታው ይንሸራተታል። ግብፃዊው የቋንቋ ሊቅ ኸሊል ዐሳኪር በ1950ዎቹ እነዚህኑ ቋንቋዎች በአረብኛ ፊደል ለመጻፍ ሲሞክሩ የገጠማቸውም ተመሳሳይ ነው፤ መደበኛው የአረብኛ ሰሌዳ የማያውቃቸው ተጨማሪ ነጥቦችና ምልክቶች አስፈለጉ። ሁለቱም ውሳኔዎች የተለያየ የፖለቲካ ዓላማ ነበራቸው፤ ሁለቱም ግን ከመሣሪያው አቅም ውጭ የሆኑ ምልክቶችን ለተጠቃሚው አወረሱ።

ሦስተኛው ደረጃ ኮዱ ያለ፣ ሌላው ሁሉ ከተጠቃሚው የሚጠበቅበት ነው። ሙኽታር ኸሊል ከባራ በ1990ዎቹ ኑብኛ በጥንቱ የኑብያ ፊደል ተመልሶ እንዲጻፍ አቀረቡ፤ የጥንቱ ኑብያ ልዩ ፊደላትም በ2005 ከኮፕቲክ ጋር ወደ ዩኒኮድ 4.1 ገቡ። ዛጋዋ በአንጻሩ አዲስ ፊደል ያለው ቋንቋ ነው። መምህሩ አዳም ታጅር በ1950ዎቹ ከግመል መለያ ምልክቶች ተነሥተው የጀመሩትን ፊደል፣ የእንስሳት ሐኪሙ ሲዲቅ አዳም ዒሳ በ2000 አሻሽለው አቅርበውታል፤ ‹ቤሪያ ኤርፌ› በሚል ስም በዩኒኮድ 17.0 የተካተተው በመስከረም 2025 ነው። የግእዝ ፊደል ምሳሌ እንደሚያሳየው ይህ የጕዞው መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም።

6. የፈቃድ ጥያቄ

ክፍተቱን የሚሞላ መሣሪያ የለም ማለት አይቻልም። ከ2015 ጀምሮ በኤስ.አይ.ኤል. ኢንተርናሽናል ሥር የሚገኘውና ዛሬ በነጻ የሚሰጠው ኪይማን ለብዙ መቶ ቋንቋዎች ሰሌዳ አለው፤ አዲስ ሰሌዳም ፕሮግራም አውጪ ላልሆነ አጥኚ በማይከብድ መንገድ ሊሠራበት ይቻላል። እንቅፋቱ በሁለተኛው ክፍል የተጠቀሰው ቍጥጥር ነው። ኪይማንን በዊንዶውስ ላይ መጫን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሠራተኛው ደግሞ ያ ፈቃድ የለውም። ፎንት በአንጻሩ ከ2018 ወዲህ በወጡ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያዎች ላይ ድርጅቱ ካልከለከለ በተጠቃሚው ስም ብቻ ሊጫን ይችላል። ስለዚህ በቍጥጥር ሥር ባለ ላፕቶፕ ላይ በአካባቢው ቋንቋ የተጻፈውን ማንበብ ከመጻፍ ይቀላል።

የዚህ ውጤት የቋንቋ አጠቃቀም በመሣሪያ ባለቤትነት መከፈሉ ነው። የእጅ ስልክ የሠራተኛው ነው፤ የፈለገውን ሰሌዳ ይጭንበታል። ላፕቶፑ የአሠሪው ነው። የእናት ቋንቋ ወደ ስልኩ፣ አረብኛና እንግሊዝኛ ወደ ላፕቶፑ ይሄዳሉ። ረጅም፣ የሚቀመጥና የሚጠቀስ ጽሑፍ በአብዛኛው የሚወለደው በላፕቶፕ ላይ በመሆኑ፣ የአካባቢው ቋንቋ በአጭርና በሚጠፋ መልእክት ተወስኖ ይቀራል። ሰሌዳ ያጣው ጸሓፊ ደግሞ አማርኛውን በላቲን፣ ኑብኛውን በአረብኛ ፊደል ይጽፋል።

እዚህ ላይ ለጥናት ዘዴ የሚጠቅም ጥንቃቄ አለ። በመጠይቅ የተሰበሰበ መረጃ ‹ተናጋሪዎች በላቲን ፊደል መጻፍን ይመርጣሉ› ብሎ ሲደመድም፣ ምርጫ የተባለው ነገር በእርግጥ ምርጫ መሆኑ መጣራት አለበት። መጠይቁ የጽሕፈቱን መሣሪያ፣ ባለቤቱንና የመጫን ፈቃዱን ካልጠየቀ የግዥ ክፍልን ውሳኔ የተናጋሪው አመለካከት አድርጎ ሊመዘግብ ይችላል።

7. ጦርነቱና የጠፋው ላፕቶፕ

በሚያዝያ 15 ቀን 2023 የተጀመረው ጦርነት ባሕሪን ክፉኛ ጐድቷታል። የፋብሪካ ሰፈሯ ተዘርፏል፣ ተቃጥሏል፤ ድርጅቶች ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ካይሮና ወደ ሌሎች ከተሞች ተበትነዋል። በየካቲት 2024 መጀመሪያ የአገሪቱ የስልክና የኢንተርኔት መስመሮች በአብዛኛው ተቋርጠው ነበር። የሱዳን ጦር ባሕሪን መልሶ የያዘው በ2025 መጀመሪያ ላይ ነው። በዚህ መካከል ለቋንቋ ጥናት የማይተኩ ነገሮች ጠፍተዋል። በግንቦት 2023 በኦምዱርማን አሕሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት መቃጠሉ የኪሳራውን መጠን ያመለክታል።

የድርጅት ላፕቶፕ የተመረጠበት አመክንዮ በዚህ ፈተና ምን እንደሆነ ማየት ተገቢ ነው። ዲስኩ በምስጢር የተቈለፈ ላፕቶፕ በዘራፊ እጅ ሲወድቅ የድርጅቱ መረጃ አይነበብም። ሰነዱ አስቀድሞ ከከተማይቱ ውጭ ባለ ማከማቻ ከተገለበጠ ደግሞ ሥራው በሌላ ላፕቶፕ ይቀጥላል። ለድርጅቱ ዕቃው እንዲጠፋ ቢሆንም ሥራው እንዳይጠፋ ታስቧል። የቋንቋ አጥኚው ወይም የማኅበረሰብ ማኅበሩ ላፕቶፕ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። የድምፅ ቅጂው፣ መዝገበ ቃላቱና የሰሌዳው ፋይል በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ይገኛሉ። ላፕቶፑ ሲሄድ ቋንቋው በጽሑፍ የደረሰበት ደረጃም አብሮ ይሄዳል። የድርጅቶች ጥንቃቄ ያልተዘረጋው ከሁሉ ይበልጥ ወደሚያስፈልገው ቦታ ነው።

ሆኖም ኪሳራው አንድ ያልተለመደ አጋጣሚ ይዟል። ድርጅቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የእርዳታ ተቋማት ተመልሰው ሲደራጁ ኢሜጃቸውን እንደ አዲስ ያዘጋጃሉ። ኢሜጅ አንዴ ከተዘጋጀ ለዓመታት አይነካም፤ ስለዚህ የሚዘጋጅበት ወቅት የጽሕፈት ሥርዓቶች ወደ ጠረጴዛው የሚገቡበት ጠባብ በር ነው።

8. ማጠቃለያ

ድርጅቶች የተወሰኑ ላፕቶፖችን የሚመርጡት ወጥ፣ የሚጠገኑ፣ ከሩቅ የሚታዘዙና በዕድሜያቸው መጨረሻም ዋጋ ያላቸው በመሆናቸው ነው። ይህ ምርጫ በቋንቋ ላይ ያነጣጠረ አይደለም፤ ተጽዕኖው የማይታየውም በዚሁ ምክንያት ነው። በባሕሪ ማዕቀቡ፣ ያገለገለው ዕቃ ገበያና ጦርነቱ ተደራርበው ተጽዕኖውን አበርትተውታል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ትምህርት የጽሕፈት ሥርዓትን ‹ልዩነት› እንዳይሆን አድርጎ ማቅረብ ነው። የሰሌዳ ፋይል፣ ነጻ ፎንትና አንድ ገጽ መመሪያ በአንድ ጥቅል ተዘጋጅተው፣ በማዕከል ሆኖ በሁሉም ላፕቶፖች ላይ በአንድ ትእዛዝ ሊጫኑ በሚችሉበት መልክ ለአይ.ቲ. ክፍሉ ሲደርሱ፣ እምቢ ለማለት ከሚያስፈልገው ድካም እሺ ማለቱ ያንሳል። አዲስ የፊደል ምልክት የሚያቀርብ ባለሙያም ምልክቱ በሚደርስበት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንዴት እንደሚታይ አስቀድሞ ቢፈትን፣ ከኮድ ጥያቄው ጋር እኩል የሚመዝን ሥራ ሠርቷል። ጥቅሉም ከመዝገበ ቃላቱና ከድምፅ ቅጂው ጋር ከአንድ በላይ በሆነ ከተማ መቀመጥ ይኖርበታል።

የረጃፍ ጉባኤ ተሳታፊዎች የፊደል ውሳኔ ሲያሳልፉ በጉባኤ ጠረጴዛ ዙሪያ ነበሩ። ዛሬ የዚያ ውሳኔ ከፊሉ ወደ ግዥ ክፍልና ወደ አይ.ቲ. ክፍል ተሸጋግሯል። የቋንቋ ባለሙያው በዚያ ጠረጴዛ ካልተገኘ ውሳኔው ያለ እርሱ ይተላለፋል፤ የሚታወቀውም ከዓመታት በኋላ፣ ሠራተኛው የቋንቋውን ፊደል በሰሌዳው ላይ ፈልጎ ሲያጣው ነው።